ወደ ማርስ የሚወስደው የምድር መንገድ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1996 ካዛክስታን ውስጥ ካለው የባይኮኑር ማምጠቂያ ጣቢያ አንድ የሩሲያ ፕሮቶን ሮኬት ተነሣ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራትም በዚሁ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው። ሮኬቱ የተሸከማት መንኮራኩር «ማርስ 96» ትባላለች፤ ክብደቷ ከስድስት ቶን ይበልጣል። ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰች ገና አምስት ዓመት አልሞላም። የሩሲያ ሳይንቲስቶች መንኮራኩሯን ሠርተው የጨረሷት ደመወዝ በወቅቱ በማይደርስበት በዚያ የችግር ዘመን ነው። ፈረንሳዮች፣ ጀርመኖች፣ ፊንላንዶችና ሌሎችም የየራሳቸውን መሣሪያ ሠርተው አስጭነውባታል።

ሮኬቱ መጀመሪያ በደንብ ሄደ። መንኮራኩሯን ወደ ማርስ መስመር ማስገባት የነበረበት አራተኛው ክፍል ግን ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀሰቀስ እንደሚገባው አልነደደም። ማርስ 96 ከምድር ስበት ሳትወጣ ተመልሳ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በቺሊና በቦሊቪያ አካባቢ ወደቀች። የብዙ አገር ሰዎች ለዓመታት የለፉበት ሥራ በአንድ ሌሊት ውሃ በላው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሰበረው የሠራተኞቹ ልብ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ልባቸው አልተሰበረም። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት፣ በአጭሩ ኢሳ፣ ከማርስ 96 ጋር ከጠፉት መሣሪያዎች ዋና ዋናዎቹ እንደገና ተሠርተው በራሱ መንኮራኩር እንዲሄዱ ወሰነ። ጀርመኖች የሠሩት ካሜራ፣ የፈረንሳዮቹ ማዕድን መለያና ጣሊያኖች የመሩት የከባቢ አየር መመርመሪያ «ማርስ ኤክስፕረስ» በተባለችው መንኮራኩር ላይ ተገጠሙ። እሷም ጁን 2 ቀን 2003 ከዚያው ከባይኮኑር፣ በሩሲያ ሶዩዝ ሮኬት መጠቀች። ከሃያ ዓመት በላይ በማርስ ዙሪያ እየዞረች ሠርታለች።

ማርስ ኤክስፕረስ አንዲት ትንሽ እንግሊዛዊት አራፊ ይዛ ነበር የሄደችው፤ «ቢግል 2»ን። የቢግል አባት ፕሮፌሰር ኮሊን ፒሊንጀር ነበሩ። ገንዘብ ከየቦታው ለምነው፣ ሕዝቡን አስተባብረው ነው የሠሯት። ብለር የተባለው የሙዚቃ ባንድ ከማርስ የምታሰማውን የጥሪ ዜማ ደረሰላት፤ ሠዓሊው ዴሚየን ኸርስት ለካሜራዋ ማስተካከያ የሚሆን ባለ ቀለም ነጠብጣብ ሥዕል ሠራላት። በ2003 የፈረንጆች ገና ዕለት ማርስ ላይ ማረፍ ነበረባት። ዜማው አልተሰማም። ፒሊንጀር ለወራት ሲጠብቁ ቆዩ፤ በሜይ 2014 አረፉ። ስምንት ወር ገደማ ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 2015፣ የአሜሪካው የናሳ መንኮራኩር ከላይ ያነሣችው ፎቶ ቢግል በሰላም ማረፏን አሳየ። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቿ ሁሉም አልተዘረጉም ነበር፤ የመገናኛ አንቴናዋ ደግሞ ያለው በመጨረሻው ሰሌዳ ሥር ነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን አብዝቶ የሚያሳዝነኝ የእኚህ ሰው ነገር ነው። ሥራቸው ማርስ ላይ በእግሩ መቆሙን ሳያውቁ ሄዱ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ባለታሪክ የተፀነሰችው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ኢሳ በ2001 «አውሮራ» የተባለ የረጅም ጊዜ የጠፈር አሰሳ ዕቅድ አወጣ። በ2004 በማርስ ኤክስፕረስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በማርስ አየር ውስጥ የሚቴን ጋዝ ምልክት አየን አሉ። ምድር ላይ አብዛኛው ሚቴን ከሕያዋን ነገሮች የሚመነጭ ነውና ዜናው ብዙዎችን አነቃነቀ። በዲሴምበር 2005 የአባል አገራቱ ሚኒስትሮች በርሊን ላይ ተሰብስበው «ኤክሶማርስ» የተባለውን ተልዕኮ አጸደቁ። ዓላማው በግልጽ የተቀመጠ ነው፤ ማርስ ላይ ሕይወት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን መመርመር። ስድስት ጎማ ያላት ተሽከርካሪ ሮቦት ትሠራለች፤ በ2011 ትሄዳለች ተባለ።

ጥያቄው አዲስ አልነበረም። አሜሪካኖቹ ሁለት የቫይኪንግ አራፊዎች በ1976 ማርስ ላይ አርፈው አፈር ዝቀው መርምረዋል፤ አሳማኝ የሕይወት ምልክት ግን አልተገኘም። የኤክሶማርስ ሳይንቲስቶች መልስ «ያልተገኘው ከላይ ከላዩ ስለተፈለገ ሊሆን ይችላል» የሚል ነው። ማርስ እንደ ምድር ያለ መከላከያ መግነጢሳዊ መስክ ካጣች ቢሊዮን ዓመታት አልፈዋል፤ አየሯም እጅግ ስስ ነው። ከጠፈር የሚዘንበው ጨረር መሬቱን ዘልቆ ገብቶ፣ ከጥንት ሕይወት የተረፈ ውህድ ቢኖር እንኳ በጊዜ ብዛት ይሰባብረዋል። ጨረሩ የማይደርስበት ጥልቀት ላይ ለመድረስ አንድ ሜትር ተኩል አልፎ መቆፈር ያስፈልጋል። እስከ ዛሬ ማርስ ላይ የተሽከረከሩት የአሜሪካ ሮቦቶች ዐለት የሚበሱት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የአውሮፓዊቷ ዕቅድ ሁለት ሜትር ነው።

መሰርሰሪያዋን ጠጋ ብሎ ማየት ተገቢ ነው፤ የተልዕኮው ነፍስ እሱ ነውና። ሁለት ሜትር የሚረዝም ዘንግ በአንዲት መካከለኛ ቁመት ባላት ሮቦት ላይ ቀጥ ብሎ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ ጣሊያን የተሠራው መሰርሰሪያ ዘንጎች በአግድም ባለ ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ዘንግ ጫፉ ላይ መብሻውን ይዟል፤ ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ሌሎች ሦስት ዘንጎች፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜትር የሚሆኑ፣ ማንም ሰው ሳይነካቸው ከኋላ እየተቀጠሉ ይሄዳሉ። ታች ሲደርስ ሦስት ሴንቲ ሜትር የምትረዝም፣ አንድ ሴንቲ ሜትር የምትወፍር የዐለት ቁራጭ በጫፉ ይዞ ይመለሳል። ቁራጩ በትንሽ መስኮት ወደ ሮቦቷ ሆድ ይገባል፤ ተፈጭቶ ዱቄት ይሆንና በፈረንሳይ፣ በስፔንና በጀርመን መሪነት ለተሠሩ ሦስት መሣሪያዎች ይዳረሳል። ከሦስቱ አንዱ ዱቄቱን በትንንሽ ምድጃ አሙቆ የሚወጣውን ጋዝ ይለያል።

ይህን ሁሉ በወረቀት መንደፍና ከፍሎ ማሠራት ግን ለየቅል ናቸው። መንኮራኩሯ በንድፍ ላይ እያለች ከበደች፤ ስትከብድ ወጪዋ ናረ። 2011 የነበረው ወደ 2013፣ ከዚያም ወደ 2016 ተገፋ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ምድርና ማርስ ለጉዞ በሚመች አቅጣጫ የሚገናኙት በ26 ወር አንዴ ነው። አንድ ፋብሪካ ሦስት ወር ቢዘገይ ተልዕኮው የሚዘገየው ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ነው። በሌላ ሥራ ይቅርታ የሚደረግለት መዘግየት በዚህ ሥራ ይቅርታ የለውም።

አውሮፓ ለብቻዋ እጅ ሲያጥራት አጋር ፈለገች። በ2009 ከናሳ ጋር ተስማማች። በ2016 አንዲት ዟሪ መንኮራኩር፣ በ2018 ደግሞ ተሽከርካሪ ሮቦቶች በአሜሪካ አትላስ ሮኬት እንዲሄዱ ታቀደ። መሐንዲሶቹ ንድፋቸውን ለአሜሪካው ሮኬት እንደገና አበጁ። ናሳ በበኩሉ በዚያው ወቅት ወጪው ከታሰበው እጅግ ባለፈው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ተወጥሮ ነበር። በፌብሩዋሪ 2012 የኦባማ አስተዳደር የቀጣዩን ዓመት በጀት ሲያቀርብ የኤክሶማርስ ድርሻ ወጥቶ ተገኘ። አሜሪካ የመገናኛ ሬዲዮዎችንና የአንዱን መሣሪያ ክፍል ለመስጠት የገባችውን ቃል ብቻ ጠብቃ ከቀረው ወጣች።

ሩሲያም በዚያን ጊዜ የራሷ ቁስል ነበረባት። በኖቬምበር 2011 ወደ ማርስ ጨረቃ ወደ ፎቦስ የላከቻት «ፎቦስ ግሩንት» በምድር ዙሪያ ተሰናክላ ቀርታ በጃንዋሪ 2012 ወድቃለች። ሮኬት ያላት ሩሲያና መንኮራኩር ያላት አውሮፓ ተፈላለጉ። ማርች 14 ቀን 2013 የኢሳና የሩሲያ የጠፈር ድርጅት የሮስኮስሞስ ኃላፊዎች ፓሪስ ላይ ተፈራረሙ። ሩሲያ ሁለት ፕሮቶን ሮኬት፣ የተወሰኑ የሳይንስ መሣሪያዎችና ሮቦቷን የሚያሳርፈውን መድረክ ልትሰጥ፤ አውሮፓ ዟሪዋን፣ የሙከራ አራፊዋንና ሮቦቷን ልትሠራ። ንድፉ እንደገና ተቀየረ።

ልክ በሦስተኛ ዓመቱ፣ ማርች 14 ቀን 2016፣ የመጀመሪያው ሮኬት ከባይኮኑር ተነሣ። ዟሪዋ መንኮራኩር የማርስን አየር ጋዞች የምትለይ ናት። ከእሷ ጋር የተጓዘችው አራፊ «ስኪያፓሬሊ» በ1877 የማርስን ካርታ ባነሣው ጣሊያናዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ስም የተሰየመች ስትሆን፣ 577 ኪሎ ትመዝናለች። ሥራዋ አንድ ነው፤ አውሮፓ ማርስ ላይ ማረፍ እንደምትችል ማሳየት።

ኦክቶበር 19 ቀን 2016 ስኪያፓሬሊ በሰዓት 21,000 ኪሎ ሜትር እየበረረች ወደ ማርስ አየር ገባች። ሕንድ ውስጥ ፑኔ አጠገብ ያለ ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ደካማ ድምፅዋን ይከታተል ነበር። የሙቀት ጋሻዋ ሥራውን ሠራ፤ ፓራሹቷ በ12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ተዘረጋ። መሬት ለመንካት አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀራት ድምፅዋ ጠፋ። በማግስቱ የአሜሪካ መንኮራኩር ያነሣችው ፎቶ ላይ ጥቁር የፍንዳታ ጠባሳና ነጭ የፓራሹት ጨርቅ ታየ።

የምርመራው ውጤት በሜይ 2017 ወጣ። ፓራሹቱ ሲዘረጋ መንኮራኩሯ ከተጠበቀው በላይ ተወዛወዘች። የመዞር ፍጥነቷን የሚለካው መሣሪያ ሊለካ ከሚችለው ጣሪያ ደረሰና ለአንድ ሰከንድ ያህል እዚያው ረግቶ ቆየ። ኮምፒዩተሯ ያንን የተሳሳተ ልኬት አምኖ አቅጣጫዋን አሰላ፤ ከዚያም ከራዳሩ ጋር ሲያገናዝብ ከፍታዋ ከዜሮ በታች ሆኖ አገኘው። እንደ እሱ ስሌት መንኮራኩሯ ከማርስ መሬት በታች ናት። ስለዚህ አርፋለች ብሎ ፓራሹቱን ፈታ፤ ማብረጃ ሞተሮቹን ለሦስት ሰከንድ ብቻ አስነሥቶ አጠፋ። በእውነቱ ግን መሬቱ ገና 3.7 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። ስኪያፓሬሊ ይህን ርቀት እንደ ድንጋይ ወድቃ በሰዓት 540 ኪሎ ሜትር ከመሬት ተላተመች። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ግን የሆነውን ሁሉ ለዟሪዋ ስታስተላልፍ ነበር፤ ምርመራው ሰከንድ በሰከንድ ሊሄድ የቻለውም በዚህ ነው። የሙከራ አራፊ የምትላክበት ምክንያት ይኸው ነውና ስኪያፓሬሊን በደፈናው ከሸፈች ከሚሏት ጋር አልስማማም።

ፖለቲከኞች ፊት ግን ይህን ማስረዳት ቀላል አልነበረም። አደጋው በደረሰ በስድስት ሳምንት ገደማ የአባል አገራቱ ሚኒስትሮች ስዊዘርላንድ፣ ሉሰርን ላይ ተሰበሰቡ። የሮቦቷ ጉዞም በዚያው ዓመት ወደ 2020 ተገፍቶ ነበር። ሚኒስትሮቹ ግን ተጨማሪ 436 ሚሊዮን ዩሮ ፈቀዱ። ዟሪዋ በበኩሏ በማርስ አየር ጫፍ ላይ እየታከከች ፍጥነቷን ለአንድ ዓመት ገደማ ስታበርድ ቆይታ በ2018 በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሥራ ምህዋሯን ያዘች። የመጀመሪያ ውጤቷ ሁሉንም አስደነቀ። ብዙ የተወራለትን ሚቴን ልታገኘው አልቻለችም። የናሳዋ ተሽከርካሪ ሮቦት ኪዩሪዮሲቲ ከማርስ መሬት ላይ ሆና አየሁት የምትለውን ጋዝ፣ ከላይ ያለችውና ይበልጥ ረቂቅ መሣሪያ የያዘችው ዟሪ አጣችው። እንቆቅልሹ አልተፈታም።

በኖቬምበር 2018 ሌስተር፣ እንግሊዝ ላይ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች ሮቦቷ የምታርፍበትን ቦታ መረጡ፤ ኦክሲያ ፕላነም ይባላል። ሜዳ ነው፤ አራት ቢሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረና ውሃ በነካው ሸክላማ ዐለት የተሸፈነ። ሸክላ የጥንት ውህዶችን ይዞ በማቆየት የታወቀ ነውና ለቆፋሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

በፌብሩዋሪ 2019 ሮቦቷ ስም አገኘች። ሕዝቡ በውድድር ከላካቸው ከ36,000 በላይ ሐሳቦች ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ተመረጠ። ፍራንክሊን የዲኤንኤን ቅርጽ ለማወቅ ቁልፍ የሆነውን የኤክስሬይ ምስል ያስገኘች እንግሊዛዊት ሳይንቲስት ናት። በ1958፣ በ37 ዓመቷ በካንሰር ሞተች፤ የኖቤል ሽልማቱ በ1962 ለሦስት ወንዶች ተሰጠ። የሕይወትን አሻራ ልትፈልግ ለምትሄድ ማሽን ከዚህ የሚገባ ስም አይታየኝም።

ሮቦቷ የተገጣጠመችው ስቲቨኔጅ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ፣ በኤርባስ ፋብሪካ፣ ለዚሁ በተሠራ እጅግ ንጹህ ክፍል ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ተሸፍነው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ድርብ ጓንት አጥልቀው ይገባሉ። ዕቃው በየጊዜው በጥጥ እየተጠረገ ጥጡ ላቦራቶሪ ሄዶ የተረፈ ተሕዋስ እንዳለ ይመረመራል። ሙቀት የሚችለው ክፍል ሁሉ በምድጃ ይጋገራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሮቦቷ ማርስ ላይ አንድ ባክቴሪያ ብታገኝና ያ ባክቴሪያ ከእንግሊዝ የሄደ ቢሆን፣ ለሃያ ዓመት የተለፋበት ጥያቄ በአንድ ሰው ማስነጠስ ተበላሸ ማለት ነው።

የሕይወትን ምልክት በእርግጠኝነት መለየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ደግሞ በዚያው በ2019 የእኛዋ ዳሎል አሳየች። ዳሎል ያለችበት ደናኪል ከማርስ ጋር የሚመሳሰሉ ነገሮች የሚጠኑበት ስፍራ በመሆኑ ከአውሮፓ ተመራማሪዎች ይመላለሱበታል። በሜይ 2019 ስፔናዊ የመራው ቡድን በዳሎል አሲዳማ ፍል ውሃ አካባቢ እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን አግኝተናል ብሎ አሳተመ። በኦክቶበር በፈረንሳይ ተመራማሪዎች የተመራ ሌላ ቡድን በጣም ጨዋማና አሲዳማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት የለም፤ ሴል የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች ዓይን ያታልላሉ አለ። ሁለቱም ቡድኖች ቦታው ድረስ ሄደው በእጃቸው ናሙና ወስደዋል፤ ምድር ላይ ያለ ላቦራቶሪ ሁሉ ክፍት ነበረላቸው። እንዲያም ሆኖ አልተስማሙም። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን አንድ መሣሪያ ብቻ አምና መልስ እንዳትሰጥ ለምን ብዙ ዓይነት መመርመሪያ እንደተሸከመች ከዚህ ይገባል።

ሮቦቷ በኦገስት 2019 ከስቲቨኔጅ ወጥታ ለሙቀት፣ ለብርድና ለንዝረት ፈተና ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ገባች። እሷ ደህና ናት። ጭንቅ የሆነው ፓራሹቱ ነው። ከዚያ በፊት ማርስ ላይ ለማረፍ ያልተሞከረ ስፋት ነበር የታሰበው፤ መጀመሪያ 15 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ፓራሹት፣ ቀጥሎ 35 ሜትር ስፋት ያለው ሌላ። ትልቁ ከ800 ካሬ ሜትር በላይ ጨርቅና አራት ኪሎ ሜትር ያህል ገመድ አለው፤ አጣጥፎ ከረጢቱ ውስጥ መክተት ብቻ ቀናት ይፈጃል። ሲፈለግ ግን በሰከንዶች ውስጥ ተጎትቶ መውጣት አለበት።

በሜይ 2019 ሰሜን ስዊድን፣ ኪሩና ላይ ሙከራ ተደረገ። በሂሊየም የተሞላ ፊኛ የመንኮራኩሯን አምሳያ 29 ኪሎ ሜትር ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ሁለቱም ፓራሹቶች ተቀዳደው ተገኙ። በኦገስት ትልቁ ብቻውን ተሞከረ። ጭራሽ ሳይነፋ አምሳያው መጎተቻዋን ትንሽ ፓራሹት ብቻ ይዞ ወርዶ ተከሰከሰ። ለመሄድ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶ ነበር። ኢሳ ያኔ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ጥሎት የሄደውን ናሳን ለእርዳታ ጠየቀ፤ ናሳም እጁን ዘረጋ። የካሊፎርኒያው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ መሐንዲሶች ፓራሹቱን ከከረጢቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት መሬት ላይ ጎትቶ የሚያወጣ መሞከሪያ ነበራቸው። ጥፋቱ ያለው ጨርቁ ላይ ሳይሆን አወጣጡ ላይ መሆኑ ታወቀ። ጨርቁ ሲወጣ ከከረጢቱ ጋር እየተፋተገ ነበር የሚቀደደው። የከረጢቱ አከፋፈትና የገመዱ አጣጣፍ ተለወጠ።

ማስተካከያው ግን ለ2020 አልደረሰም። ማርች 12 ቀን 2020 የኢሳና የሮስኮስሞስ ኃላፊዎች ጉዞው ወደ 2022 መተላለፉን አስታወቁ። ፓራሹቱም ሶፍትዌሩም ተጨማሪ ፈተና ይፈልጋሉ፤ ኮሮና ደግሞ ድንበር ዘግቶ መሐንዲሶቹን ከያሉበት እንዳይንቀሳቀሱ አድርጓል። በ2021 መጨረሻ ኦሪገን፣ አሜሪካ ላይ በተደረገው ሙከራ ፓራሹቶቹ ሳይቀደዱ ተዘረጉ። ጣሊያን፣ ቱሪን ያለችው የሮቦቷ መንትያ፣ «አማሊያ» የሚሏት የመሬት መለማመጃ፣ 1.7 ሜትር ቆፍራ ናሙና አወጣች። የሩሲያ ማሳረፊያ መድረክ «ካዛቾክ»ም ተዘጋጅቶ ከሮቦቷ ጋር ተገጣጠመ። ቀን ተቆረጠ፤ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2022፣ ከባይኮኑር።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 የሩሲያ ጦር ዩክሬን ገባ። አውሮፓ ማዕቀብ ጣለች፤ ሩሲያ በፈረንሳይ ጉያና ባለው የማምጠቂያ ጣቢያ የሚሠሩ ሰዎቿን አስወጣች። ማርች 17 የ22ቱ የኢሳ አባል አገራት ምክር ቤት ፓሪስ ላይ ትብብሩ እንዲታገድ በአንድ ድምፅ ወሰነ። በዚያው ወር መጨረሻ የቴክኒክ ግምገማው ውጤት ይፋ ሆነ፤ መንኮራኩሯ ለጉዞ ዝግጁ ናት። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎደላት ነገር አልነበረም፤ የሚወስዳት ብቻ ታጣ። በጁላይ ትብብሩ በይፋ ተቋረጠ።

ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም ያስከፈለውን ማየት ያስፈልጋል። በሞስኮና በቱሪን ለዘጠኝ ዓመት አብረው የሠሩ፣ የልጆቻቸውን ስም እስከ ማወቅ የደረሱ ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተቆራረጡ። በካዛቾክ ላይ ተገጥመው የነበሩ የአውሮፓ ዕቃዎች አንድ በአንድ ተነቀሉ። ሁለቱ የሩሲያ መሣሪያዎች ከሮቦቷ ወጡ፤ በአንደኛው ፋንታ ዌልስ ውስጥ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው «ኤንፊስ» እንዲሠራ ተወሰነ። ሮቦቷ ራሷ ቱሪን ውስጥ በንጹህ ክፍል ተቀመጠች።

ብዙዎች ከዚህ በኋላ ሙዚየም ትገባለች ብለው ነበር። በኖቬምበር 2022 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡት ሚኒስትሮች ግን በ2028 እንድትሄድ ገንዘብ መደቡ። በኤፕሪል 2024 ለጣሊያኑ ታሌስ አሌኒያ ስፔስ የ522 ሚሊዮን ዩሮ ውል ተሰጠ። በሜይ ናሳ ተመልሶ ገባ። ሮኬቱን፣ ለማረፊያ የሚያገለግሉትን ፍጥነት ማብረጃ ሞተሮችና ሮቦቷን ከማርስ ሌሊት ብርድ የሚጠብቁትን በፕሉቶኒየም የሚሠሩ ትንንሽ ማሞቂያዎች ሊሰጥ ተፈራረመ። በማርች 2025 አዲሱን ማሳረፊያ መድረክ የመሥራት ኃላፊነት ስቲቨኔጅ ላለው ኤርባስ ተሰጠ፤ ሮቦቷ በተወለደችበት ግቢ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የዋሽንግተን የበጀት ረቂቅ የናሳን ድርሻ እንደገና ሊሰርዝ ነበር። በ2012 የሆነውን የሚያስታውሱ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያስቸግርም። በኖቬምበር የሚኒስትሮች ስብሰባ ጀርመን፣ ብሬመን ላይ ሲካሄድ ናሳ ድርሻውን እንደሚወጣ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ መጻፉን የኢሳ ኃላፊ አስታወቁ።

ፓራሹቶቹም ከ2021 ጀምሮ ከተቀመጡበት ወጥተው በጁላይ 2025 ኪሩና ላይ እንደገና ተሞከሩ። ወደ 30 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ተለቀው ሁለቱም በተራቸው በደንብ ተዘረጉ። የሚቀረው ሥራ አሁንም ብዙ ነው። መድረኩ ተሠርቶ አላለቀም፤ የአሜሪካው ሞተር ከአውሮፓው ኮምፒዩተር ጋር መግባባት አለበት፤ ለሩሲያ ሮኬት የተሰላው የንዝረት ፈተና ለአዲሱ ሮኬት እንደገና ይሰላል። በዕቅዱ መሠረት ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በ2028 መጨረሻ ትነሣለች። ማርስ ላይ የአቧራ ማዕበል ከሚበረታበት ወቅት ጋር እንዳትገናኝ ረጅሙን መንገድ ይዛ በ2030 ኦክሲያ ፕላነም ላይ ታርፋለች። መድረኩ በተቃራኒ አቅጣጫ ሁለት መውረጃ ይዘረጋል፤ አንዱን ድንጋይ ቢዘጋው በሌላው ትወርዳለች። ከዚያ መሰርሰሪያዋን አውጥታ ትቆፍራለች።